እግርህን እንዳታወርድ

አቶ ጀቤሳ ዕድሜያቸውን የፈጁት ሸጎሌ ከብት ገበያ ውስጥ ነው። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ከያዘው ወዲህ ግን ገበያው ቀርቶ የግቢያቸውን በር መሻገር እንኳ ከበዳቸው። ባለቤታቸው ቀደም ብለው አርፈዋል። አብራቸው የምትኖረው ጳውሎስ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ልጃቸው ሊሚ ብቻ ናት። እሷ ጠዋት ወጥታ ማታ እስክትመለስ እርሳቸው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ግድግዳ ሲያዩ ይውሉ ነበር።

ሊሚ አኳሪየሙን የገዛችላቸው ይሄ አንጀቷን ስለበላት ነው። «ዓሣ ምን ያደርግልኛል? አይታለብ፣ አይጠመድ» አሉ መጀመሪያ። ብዙም ሳይቆዩ ግን ለዓሦቹ የበሬ ስም አወጡላቸው። ቀዩን ዳማ፣ ዥንጉርጉሩን ቡሬ፣ ጥቁሩን ጉራቻ አሏቸው። ሶፋውን ወደ መስታወቱ አስጠጉና «ዛሬ ቡሬ አኩርፏል፤ ዳማ ነክቶት ነው» እያሉ ለመጣው ሁሉ ማውራት ጀመሩ። ሊሚም አባቷ ሲስቁ ከሰማች ስንት ጊዜዋ እንደነበር ያኔ ነው የገባት።

ችግሩ ውሃው ነበር። የዓሣ ውሃ በየጊዜው እየተቀነሰ በንጹሕ ካልተተካ ይመረዛል። ሊሚ እሑድ እሑድ በባልዲ ትቀዳና ትሞላ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ግን አባቷን ወለሉ ላይ ተጋድመው፣ ባልዲው አጠገባቸው ተደፍቶ፣ ልብሳቸው ርሶ አገኘቻቸው። የተሰበረ አጥንት አልነበረም። ከወደቁ ግን ቆይተዋል፤ ከንፈራቸው በብርድ ጠቁሯል።

«ውሃው ደፈረሰ» አሉ እሷ ስታነሣቸው። «አፋቸውን እየከፈቱ አየር ሲለምኑ ዝም ብዬ ልያቸው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊሚ ሥራ ቦታ ሰላም አጣች። ስልኳ በጮኸ ቁጥር እጇ ላይ ያለው መድኃኒት ሊያመልጣት ይደርሳል። አባቷን እንደገና ባልዲ እንዳያነሡ ብትለምን ብትቆጣ እሺ ይላሉ እንጂ እሺታቸው ልባቸው ውስጥ እንደሌለ ታውቃለች። ስለዚህ ባልዲውን ጭራሽ የማያስፈልግ ነገር ለማድረግ ቆረጠች። ውሃውን ራሱ የሚለውጥ ማሽን ልትሠራ ተነሣች።

ዩቲዩብ ላይ ከየአገሩ ሰው እየተማረች፣ ዕቃውን ከመርካቶም ከአዲሱ ገበያም እየለቀመች ሠራችው። አንዲት ትንሽ ፓምፕ አሮጌውን ውሃ ስባ በጎማ ወደ ግቢው ተክል ታፈሳለች። ከዚያ ከተበላሸ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የፈታችው፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ቧንቧ ይከፈትና ጣሪያው ላይ ካለው ሮቶ ንጹሕ ውሃ ይወርዳል። ውሃው ልኩ ላይ ሲደርስ አንዲት ተንሳፋፊ ኳስ ከፍ ትልና ቧንቧውን ታስዘጋዋለች። ሰዓቱን የሚጠብቅ ታይመር አለው። መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋም ሁሉንም ከዩፒኤስ ጋር አገናኘችው፤ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያሠራ ጥቁር ሳጥን ነው፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ። ከሳጥኑ የወጣው ኤክስቴንሽን ግን ወለሉ ላይ፣ ከአኳሪየሙ ጠረጴዛ ጀርባ ተኛ። ግድግዳው ላይ ልትሰቅለው ስትበሳ የመሰርሰሪያው ጥርስ ተሰበረባትና ለሌላ ቀን አቆየችው።

ጎረቤቷ ኡሙሀኒ፣ ከባሏ ከሳቢት ጋር ከነሊሚ አጥር የተያያዘ ሱቅ ያላት፣ ልታይ ስትመጣ ከደጃፉ አላለፈችም።

«ውሃና መብራት አንድ ላይ? እኔስ አልወደድኩትም ሊሚ» አለች።

«ሞክሬዋለሁ እኮ። በየቀኑ ነው የሚሠራው።»

«እስቲ አላህ ያግራው» ብላ ሄደች።

እውነትም ይሠራ ነበር። ሳምንታት አለፉ፣ ውሃው እንደ ብርጭቆ ጠራ፣ አቶ ጀቤሳም ባልዲውን ረሱት። ሊሚ ቀስ በቀስ ስልኳ ሲጮህ መደንገጥ ተወች።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለአንዲት እናት የደም ግፊት ኪኒን አወሳሰድ ስታስረዳ ኡሙሀኒ ደወለች።

«ሊሚ፣ ቤት ውስጥ ቧንቧ ፈንድቷል እንዴ? ከበራችሁ ሥር ውሃ ወደ ግቢ እየወጣ ነው።»

«አባዬስ?»

«ሳንኳኳ 'ደህና ነኝ' ብለውኛል። በሩን ከፍቼ ልግባ ብዬ ደፉ ጋ ውሃውን ስረግጥ እግሬን ነዘረኝ። ወላሂ ሊሚ፣ እስከ ጉልበቴ ነው የነዘረኝ!»

ሊሚ የያዘችውን ኪኒን ባንኮው ላይ አስቀመጠች። ኤክስቴንሽኑ ዓይኗ ላይ መጣባት፤ ወለሉ ላይ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ፣ እንደተኛ።

«እንዳትገቢ!» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «ማንም እንዳይገባ። ውሃው መብራት ይዟል። ሳቢትን ጥሪውና የቆጣሪውን ሳጥን ይስበር። ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ አትጠብቁኝ፣ ስበሩት!»

ቆጣሪው የአጥሩ ውጪ ግድግዳ ላይ ነው። ሌባ ስለሚያስቸግር ሊሚ ራሷ ናት በብረት ሳጥን ያስከለለችውና ያስቆለፈችው።

ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ወጣች። የሸጎሌ ታክሲ ሲሞላ ደረሰችና ከኋላ ወንበር ተሸጉጣ ገባች። አባቷ ጋ ስትደውል ቁጥሩን ሁለቴ ተሳሳተች። የአቶ ጀቤሳ ስልክ እንዳይጠፋባቸው በገመድ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ አነሡት።

«አባዬ፣ የት ነህ?»

«የት እሄዳለሁ? ሶፋዬ ላይ ነኝ። ጋደም ብዬ ስነቃ ቤቱ ኩሬ ሆኗል። ያ ማሽንሽ አልቆም ብሎ ውሃውን ያፈሰዋል።»

«እግርህ የት ነው?»

«ምን?»

«እግርህ! መሬት ነክቷል?»

«ሶፋው ላይ ነው። ተጋድሜ ነበር እያልኩሽ።»

ሊሚ ዓይኗን ጨፈነች። «እንዳታወርድ። አባዬ ስማኝ፣ ምንም ቢሆን እግርህን እንዳታወርድ። ውሃው ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ። ይገድልሃል።»

«ጉራቻ ወጥቶ ወለሉ ላይ ወድቋል» አሉ። «ይንፈራገጣል። እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ።»

«አባዬ፣ አይሆንም!»

«በቃ አንዴ ብቻ...»

«በእማዬ አፅም!» ብላ ጮኸች። ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። «በእማዬ አፅም ይዤሃለሁ፣ እንዳትነካው!»

ስልኩ ውስጥ የውሃ መንጠባጠብና የአቶ ጀቤሳ ትንፋሽ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ መጣ።

«ወደ ጠረጴዛው ጀርባ ተስቦ ሄደ። አንዴ ደርቆ ተገተረና ቀረ። ሊሚ... ሞተ። ምንም ሳይነካው ሞተ።»

እስከዚያ ድረስ ሊሚ፣ ኡሙሀኒ ተሳስታ ይሆናል የሚል ትንሽ ተስፋ ነበራት። አሁን እሱም ሄደ።

አጠገቧ የተቀመጡት ነጠላ የለበሱ አሮጊት ክንዷን ያዝ አደረጉ። «ሌላ የምትደውይበት ካለ የኔን ስልክ ውሰጂ ልጄ። የአባትሽን እንዳትዘጊው» አሉና ስልካቸውን ሰጧት። ሊሚ የአባቷን በግራ፣ የአሮጊቷን በቀኝ ጆሮዋ ይዛ ኡሙሀኒ ጋ ደወለች። በዚያኛው በኩል ብረት በብረት ሲመታ ይሰማል።

«ሳቢት እየሰበረው ነው» አለች ኡሙሀኒ። «ቁልፉ እምቢ አለ እንጂ!»

ሾፌሩ ነገሩ ገብቶት መኪናውን ያበርረው ጀመር። ወያላው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የፊቱን መኪና ሁሉ ይሳደባል። የከብት ገበያው መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ ግን መንገዱ በበሬ ተሞልቶ ጠበቃቸው። ነጂዎቹ በዱላ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ ከብቱ ግን ከአስፋልቱ አልወርድ አለ። ሾፌሩ ጥሩንባውን ቢነፋ ባሰባቸው።

«ተሰበረ!» ስትል ኡሙሀኒ ጮኸች። «አጠፋው! ሳቢት አጠፋው ሊሚ፣ አልሐምዱሊላህ!»

ታክሲው ውስጥ ያሉት ሁሉ «ተመስገን» አሉ። አሮጊቷ አማተቡ። ሊሚ ወደ አባቷ ስልክ ተመለሰች። «አባዬ፣ ጠፍቷል፣ አሁን ሳቢት ገብቶ...»

ያኔ ነው በግራ ጆሮዋ በኩል የሰማችው። ጢጥ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ጢጥ።

«አባዬ፣ ምንድነው የሚጮኸው?»

«ይሄ መደርደሪያው ላይ ያለው ጥቁር ሳጥንሽ ነዋ። መብራት ሲጠፋ ሁሌም ይጮህ የለ?»

ዩፒኤሱ። ቆጣሪው ሲጠፋ ባትሪው ተነሥቷል። ኤክስቴንሽኑ ውስጥ አሁንም ኤሌክትሪክ አለ።

«ውሃውስ? ውሃው ቆሟል?»

«የት ይቆማል። ይወርዳል።»

«ኡሙሀኒ!» ሊሚ በሌላው ስልክ ጮኸች። «ሳቢት እንዳይገባ! አልጠፋም! በባትሪ እየሠራ ነው! ያዢው!»

በስልኩ ውስጥ ኡሙሀኒ የባሏን ስም ስትጮህ ተሰማ፤ እንደዚያ ያለ ጩኸት ሊሚ ከእሷ ሰምታ አታውቅም። ከዚያ ሁካታ፣ ከዚያ ጸጥታ።

«ይዤዋለሁ» አለች ኡሙሀኒ እያለከለከች። «ሱሪውን ሰብስቦ አንድ እግሩን አንሥቶ ነበር። በሸሚዙ ጎትቼ ጣልኩት። ያ አላህ! አሁን ምን እናድርግ?»

ሊሚ አላወቀችም። ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይ ለክታ አታውቅም። አባቷ ደግሞ ዝም ብለው የሚቀመጡ ሰው አይደሉም፤ ሌሎቹ ሁለት ዓሦች ከወጡ፣ ወይም እግራቸው ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንታቸው ከመጣ...

«ሳጥኑ ላይ ማጥፊያ አለው አይደል?» አሉ አቶ ጀቤሳ በድንገት።

«አለው። ግን...»

«ከዘራዬ አጠገቤ ነው። ይደርሳል።»

ሊሚ ቤቱን በሐሳቧ ለካችው። ከሶፋው ጫፍ እስከ መደርደሪያው፤ አዎ፣ አባቷ አካላቸውን ከሶፋው አሳልፈው ከዘራውን ቢዘረጉ ይደርሳል። በደህናው እጃቸው፣ በግራ። ቀኙ ግን የሚደገፍ እጅ አይደለም። ሚዛናቸው ከሳተ በፊታቸው ውሃው ውስጥ ናቸው።

«ከዘራው ደርቋል? ውሃ አልነካውም?»

«እዚሁ ሶፋው ላይ ነበር። እንጨት ነው።»

ሊሚ የአሮጊቷን ፊት አየች፤ አሮጊቷም አቀርቅረው በሹክሹክታ ጸሎት ይዘዋል። ወደ አባቷ ስትመለስ ቃሉን ከአፏ ለማውጣት ተቸገረች።

«ፊት ለፊቱ አንዲት ክብ ቁልፍ አለች። ተጫንና ጩኸቱ እስኪቆም አትልቀቅ። ቀስ በል አባዬ። ከደከመህ ተመለስ።»

ሶፋው ሲንጫጫ ሰማች። ትንፋሻቸው እየከበደ ሄደ። ከዘራው እንጨት ሲነካ፣ ሲንሸራተት፣ እንደገና ሲነካ። ጢጥ። «አመለጠኝ» አሉ። ጢጥ። ከዚያ አንድ የጣር የሚመስል ድምፅ፣ አንድ ነገር ውሃ ውስጥ ቧ ብሎ ሲወድቅ፣ ስልኩም ጸጥ አለ።

«አባዬ!»

ተቋርጧል። ደግማ ደወለች። ጥሪ አይቀበልም።

«ኡሙሀኒ፣ ምን ወደቀ?»

«አይታየኝም! መጋረጃው ተዘግቷል። አባባ ጀቤሳ! አባባ! ... አይመልሱም ሊሚ።»

ሊሚ የአሮጊቷን ስልክ ጭናቸው ላይ ጥላ፣ ሰው ላይ እየተረማመደች ወረደች። በበሬዎቹ መሃል ገባች። የአንዱ ቀንድ የጋዋኗን ኪስ ቀደደው፤ እሷ ያወቀችው በኋላ ነው። ዳገቱን ስትሮጥ ሳንባዋ ነደደ። የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ዳግመኛ እንዳይወድቁ ብላ የሠራችው ነገር ነው የሚገድላቸው።

ግቢው ስትደርስ ሰው ተሰብስቧል። ኡሙሀኒ ከሱቋ ያመጣችው ጣውላ ላይ ቆማ የአቶ ጀቤሳን ስም ትጠራለች። ሳቢት ጭቃ በጭቃ ሆኖ በመዶሻው ተደግፏል። ወደ ደጃፉ የተጠጋ ሰው የለም።

«ጩኸቱ ከቆመ ቆየ» አለ ሳቢት ቀስ ብሎ። «ውሃውም የቀነሰ ይመስላል። ግን... እ... ባትሪው አልቆ ይሁን እሳቸው አጥፍተውት ይሁን አላወቅንም።»

በሩ ሥር የሚወጣው ውሃ ቀጥኗል። ከውስጥ ምንም ድምፅ የለም። ሊሚ ደፉ ፊት ቆማ ውሃውን አየችው። ልክ እንደ ማንኛውም ውሃ ነው፤ የሰማይ ብርሃን ያበራበታል፣ ትንሽ የዓሣ ምግብ ተንሳፍፎበታል። እግሯ አልታዘዝ አላት። ወደ ፊት ሂድ ትለዋለች፣ አይሄድም። በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

ኡሙሀኒ ከሱቋ የፕላስቲክ ቦት ጫማ አምጥታ እግሯ ሥር አኖረችላት። «ይሄን ሳታደርጊ አትገቢም» አለች። ሊሚ አደረገችው። በሩን በእንጨት ገፋችና ገባች።

ምንም አልነዘራትም።

አቶ ጀቤሳ በሆዳቸው የሶፋው ክንድ ላይ ተንጠልጥለዋል። ግራ እጃቸው ከዘራውን እንደጨበጠ ወደ ታች ተዘርግቷል፤ ጣቶቻቸውና ውሃው መካከል ያለው ክፍተት ጣት አያስገባም። ስልካቸው ገመዱ ተበጥሶ ውሃው ውስጥ ተኝቷል። ጥቁሩ ሳጥን ጠፍቷል፤ ቁልፉን በከዘራው ደርሰውበታል። ዓይናቸው ግን ተከፍቷል፣ አፋቸውም ይንቀሳቀሳል። ሲጨናነቁ ምላሳቸው እንደሚተሳሰር ሊሚ ታውቃለች፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሲጠሩ ሰምተዋል፣ መመለስ ነው ያቃታቸው። ለመነሣትም ጉልበት አልነበራቸውም።

ሊሚና ሳቢት አንሥተው አስቀመጧቸው። ሊሚ እግራቸውን እቅፏ ውስጥ አድርጋ አለቀሰች። ሰው ሁሉ ገባ፣ ወጣ፣ ውሃውን ጠረገ፣ ምንጣፉን አጥሩ ላይ ሰቀለ። ብዙ ቆይቶ ምላሳቸው ሲፈታ የመጀመሪያው ቃላቸው «ቡሬስ?» የሚል ነበር። ቡሬና ዳማ ከመስታወቱ ጥግ ተጣብቀው ቆመዋል። ጉራቻን ሳቢት በላስቲክ አውጥቶ ተክሉ ሥር ቀበረው።

በማግሥቱ የመጣው ኤሌክትሪሻን ሁሉንም ፈታው። ተንሳፋፊዋ ኳስ መገጣጠሚያ ውስጥ አንዲት የጥፍር ያህል የውሃ ቀንድ አውጣ ገብታ ነበር። ኳሷን ከፍ እንዳትል የያዘቻት እሷ ናት። ሊሚ ከዓሦቹ ጋር አብራ የገዛቻት፣ መስታወት ታጸዳለች የተባለች ነች። ሊሚ እጇ ላይ አድርጋ አየቻትና መልሳ ውሃው ውስጥ ጣለቻት።

ቀናት አለፉ። ባልዲው ተመለሰ፤ አቶ ጀቤሳም ወደ ባልዲው መመልከት ጀመሩ። ሊሚ እንደገና ለመሥራት ድፍረት ያገኘችው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። በዚህኛው ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር የለም። ከሮቶው በቀጭን ቱቦ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፤ መስታወቱ ከጠርዙ ዝቅ ብሎ ተበስቷል፤ የተረፈው በዚያ ቀዳዳ ወደ ተክሉ ይሄዳል። መጀመሪያ ግቢው ውስጥ በበርሜል ሞከረችው፣ ቀጥላ ባዶ አኳሪየም ላይ፣ ከዚያ ፈቃድ ወስዳ ቤት እየዋለች አየችው። አቶ ጀቤሳ «አሁንስ ከዓሦቹ ይልቅ አንቺን ማየት ይሻለኛል» እያሉ ይስቁባታል።

ፍርሃቱ ግን ጨርሶ አልለቀቃትም። እጅ መታጠቢያ ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ ከሰማች ትነሣለች። ፋርማሲው ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ ጢጥ ሲል የያዘችው ሁሉ ይጠፋባታል። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ሳትደውል አትውልም። ኡሙሀኒ ስልኩን ስታነሣ ሰላምታ አትጠብቅም፤ ከሱቋ ወጥታ በአጥሩ ክፍተት ወደ ደጃፉ ታያለች።

«ደረቅ ነው» ትላታለች። «ሥራሽን ሥሪ።»